ስለ ማርክ ቤላንገር የተጻፈውን የማልቀበልበት ምክንያት

ሰሞኑን ስለ ማርክ ቤላንገር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። እዚህ ሜሪላንድ ቤዝቦል ከምንከታተለው የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደጋፊዎች መካከል ያልደረሰው ያለ አይመስለኝም። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፤ ቤላንገር ስሙ ከሥራው የበለጠ ተጫዋች ነው፣ ጎበዝ ቡድን ነው ተሸክሞ ታዋቂ ያደረገው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም፤ ጽሑፉ የሚጠቅሳቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ትክክል ናቸውና። ስህተቱ ከቁጥሮቹ ተነስቶ የሚደርስበት ድምዳሜ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ደግሞ ሰው ቶሎ ያምነዋል።

ሰውየውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ቤላንገር በ1944 ማሳቹሴትስ ውስጥ ፒትስፊልድ ተወለደ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከ1965 እስከ 1981 ለኦሪዮልስ፣ በ1982 ደግሞ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተጫወተ። ቀጭን ስለነበር "ዘ ብሌድ" ይሉት ነበር። ቦታው ሾርትስቶፕ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጩ በየተራ በሚደርስባቸው ማረፊያዎች) መካከል የሚቆመው ተከላካይ። አብዛኛው መቺ ቀኝ ስለሆነ መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ በብዛት ወደዚያ ነው የሚመጣው፤ ያን ኳስ ይዞ፣ ተስተካክሎ፣ እስከ አንደኛው ቤዝ ድረስ መወርወር አለበት፣ ሯጩ ሳይደርስ።

አሁን ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ቤላንገር በ18 ዓመት ውስጥ የመታው በአማካይ 0.228 ነው፤ ማለትም ከ1000 ሙከራ 228። ከ2000 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ ሆም ራኑ (ኳሷን ከሜዳው ውጭ ያወጣበት ምት) 20 ብቻ ነው። እንዲህ የሚመታ ሰው፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ዘጠኙ ተሰላፊዎች በተራ ስለሚመቱ፣ በየዘጠኙ ተራ አንዴ ሁልጊዜ ቡድኑን ይቀጣል። በየቦታው ለምርጥ ተከላካይ በየዓመቱ የሚሰጠውን ጎልድ ግላቭ 8 ጊዜ ማግኘቱም ብዙ አይናገርም፤ ሽልማቱ በድምፅ የሚሰጥ የዝና ሽልማት ነው። ከጎኑ ብሩክስ ሮቢንሰንን የመሰለ ሰው ቆሞ፣ ከፊቱ ጂም ፓልመርን የመሰለ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እየወረወረ ማንም ጎበዝ ይመስላል። የገዛ አሰልጣኙ ኧርል ዊቨር እንኳ በአስፈላጊ ሰዓት በሌላ መቺ ይቀይረው ነበር። ሌላው ታዋቂ ሾርትስቶፕ ኦዚ ስሚዝ ደግሞ መከላከልም መምታትም እንደሚቻል አሳይቷል። በመጨረሻም፣ የዘመኑ የመከላከል ስሌቶች ቤላንገርን ከፍ አድርገው ቢያስቀምጡትም ግምት ናቸው።

በመምታቱ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ደካማ መቺ ነበር። በ1972 የመታው 0.186 ነው፣ በ1979 0.167። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱትን የባሰ ቁጥር ልጨምርላቸው፤ ዘመኑንና ስታዲየሙን አስተካክሎ መቺዎችን የሚለካው ኦፒኤስ ፕላስ የሚባለው መለኪያ አማካዩ 100 ሲሆን፣ የቤላንገር 68 ነው። ስለዚህ "ያ ዘመን ለመቺ ከባድ ስለነበር ነው" የሚሉ ደጋፊዎችን አልደግፍም። ዘመኑ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ በ1968 የአሜሪካን ሊግ አማካይ ራሱ 0.230 ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ እንዲል ያደረገውም ይኼ ነው። ግን ለሁሉም ነበር የከበደው፤ ቤላንገር ደግሞ በዚያው በ1968 ከዚያ አማካይ በታች 0.208 ነበር።

አንዳንድ ሰው ለቤላንገር ሲከራከር የእግር ኳስ በረኛን ያነሳል። በረኛ ጎል አላገባም ተብሎ አይወቀስም፣ ይላል። ይኼንንም አልቀበለውም። በረኛ ጎል እንዲያገባ የጨዋታው ሕግ አያስገድደውም፤ ሾርትስቶፕ ግን ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ መቆም ግዴታው ነው። ስለዚህ የጸሐፊው መነሻ ትክክል ነው፤ ዱላው ቡድኑን ዋጋ አስከፍሎታል። ጥያቄው ሌላ ነው። ጓንቱ (መከላከሉ) ያዳነው ነጥብ ዱላው ካስከፈለው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ጽሑፉ ይኼን ጥያቄ አንድም ቦታ አይጠይቅም። ወጪውን ቆጥሮ ገቢውን ሳይቆጥር ሂሳቡን ዘጋው።

ደግሞ "ሁልጊዜ" የምትለዋ ቃል ትንሽ ትስተካከል። በ1969 የመታው 0.287 ነው። በ1976 0.270 መትቶ የዓመቱ ምርጦች ለሚገናኙበት ለኦል ስታር ጨዋታ ተመርጧል። በ1969 ከሚኒሶታ ትዊንስ ጋር በተደረገው የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ቤላንገር ሆም ራን መታ፤ ጨዋታው እስከ 12ኛው ኢኒንግ (ዙር፤ መደበኛው 9 ነው) ሄዶ የቡድን ጓደኛው ፖል ብሌር ኳሷን ለስለስ አድርጎ መሬት ላይ ሲያወርዳት ከሦስተኛው ቤዝ ሮጦ የማሸነፊያዋን ነጥብ ያስቆጠረውም እሱ ነው። ይኼ ጎበዝ መቺ አያደርገውም። በየዘጠኙ ተራ የሚመጣ ባዶ ቦታ እንዳልነበር ግን ያሳያል።

ወደ ጎልድ ግላቭ እንምጣ። ሽልማቱ እንከን የለሽ ነው አልልም። መራጮቹ አሰልጣኞች ናቸው፤ ሰው ናቸውና ይሳሳታሉ። በ1999 ራፋኤል ፓልሜይሮ በአንደኛ ቤዝ 28 ጨዋታ ብቻ ተከላክሎ ጎልድ ግላቭ ተሰጥቶታል። ጸሐፊው ይኼን ምሳሌ ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ግን እስቲ ምሳሌውን ቀረብ ብለን እንየው። ፓልሜይሮ ለምን ተመረጠ? በዚያ ዓመት በዱላው ስመ ጥር ስለነበር ነው። የመራጮቹ ድክመት የሚያዘነብለው ጥሩ ወደሚመታ ሰው ነው። ታዲያ ይኼ ድክመት ቤላንገርን እንዴት ይጠቅመዋል? በ1977 የመታው 0.206 ነው፣ ሸለሙት። በ1978 0.213 ነው፣ ሸለሙት። ዱላው ዝና የሚያመጣለት ሰው አልነበረም። ሽልማቱ ለመቺዎች የሚያደላ ከሆነ፣ ቤላንገር ያገኘው አድልዎው እያለበት ነው፤ ያውም በ1969፣ በ1971፣ ከዚያም ከ1973 እስከ 1978 በተከታታይ።

"ከጎኑ ብሩክስ ሮቢንሰን ነበረ" የሚለው ነጥብ ብዙ ሰው ያሳመነ ይመስለኛል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ሮቢንሰን በሦስተኛ ቤዝ ከ1960 እስከ 1975 በየዓመቱ፣ 16 ጊዜ ጎልድ ግላቭ ያገኘ ሰው ነው። ግን ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆም ሰው በጣም ጎበዝ ሲሆን ለሾርትስቶፑ ቁጥር ይጠቅማል ወይ? በሁለቱ መካከል የሚያልፈውን ኳስ ቀድሞ የሚቆርጠው ባለ ሦስተኛ ቤዙ ነው። ሮቢንሰን የያዘው ኳስ ሁሉ ቤላንገር ያልያዘው ኳስ ነው። ሾርትስቶፑ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ጠጋ ብሎ እንዲቆም ዕድል ይሰጠዋል፣ እሺ፣ ይኼን እቀበላለሁ። ግን ጎበዝ ጎረቤት ሥራህን ይሻማሃል እንጂ አይሠራልህም።

ሎጂኩ ካላሳመነ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ፈትኖታል። ሮቢንሰን ከ1976 ጀምሮ መደበኛ ተሰላፊ አልነበረም፣ ቦታውን ዳግ ዴሲንሲስ ያዘ፤ በ1977 ጡረታ ወጣ። በሁለተኛ ቤዝ የነበረው ቦቢ ግሪች፣ እሱም 4 ጎልድ ግላቭ ያለው፣ ከ1976 በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ሄደ። መሃል ሜዳውን ከኋላ የሚጠብቀው ፖል ብሌር ደግሞ ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ ተዛወረ። ከ1973 እስከ 1975 አራቱም በአንድ ላይ የተሸለሙበት ያ ታላቅ መከላከያ ተበተነ ማለት ነው። ቤላንገር ብቻ ቀረ። በ1977ም በ1978ም ጎልድ ግላቩን ወሰደ። ዕድሜው 33 እና 34 ነው። ጎረቤቶቹ ናቸው ጎበዝ ያስመሰሉት ካልን፣ ጎረቤቶቹ ሲሄዱ መውደቅ ነበረበት።

ስለ ፒቸሮቹም እንዲሁ። ጽሑፉ ፓልመርን ይጠቅሳል። ፓልመር ያለ ቤላንገርም ትልቅ ይሆን ነበር፣ በዚህ ጥርጥር የለኝም። የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ የሆነው ሆል ኦፍ ፌም የገባ፣ 268 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። ግን እንዴት እንደሚያሸንፍ ማየት ያስፈልጋል። በሥራ ዘመኑ 3948 ኢኒንግ ወርውሯል፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ 3 አውት (ከተቃራኒው ቡድን እንዲወጣ የተደረገ ሰው) አለ፣ ስለዚህ 11 ሺህ 844 አውት። ከዚህ ውስጥ መቺውን ራሱ አስቶ ያወጣው 2212 ነው። ከአምስት አንዱ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከአምስት አራቱ መቺው ኳሷን መትቷት፣ ከኋላው ያለ ሰው ይዞለት የመጣ አውት ነው። እንዲህ የሚወረውር ፒቸር ያለ መከላከያ አይሠራም። በ1971 ኦሪዮልስ አራት ፒቸሮቹ፣ ማክናሊ፣ ፓልመር፣ ኩዌላርና ዶብሰን፣ እያንዳንዳቸው 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ አሸንፈዋል። አራቱም ላይ እንዲህ ያለ ዓመት በአንድ ጊዜ ሲገጥም የጋራቸው የሆነውን ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የጋራቸው ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች ናቸው። ፒቸሮቹ ቤላንገርን አደመቁት ከማለት በፊት ተቃራኒውን መመርመር ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ዊቨር። ይኼ ነጥብ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት እሱ ስለሆነ፣ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ለቤላንገር የሚመሰክረው ስለሆነ።

ዊቨር ቤላንገርን በጨዋታው መጨረሻ በተቀያሪ መቺ ይተካው ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን ዊቨር ማን ነበር? ለትንንሽ ዘዴ ትዕግስት የሌለው፣ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አስቀምጦ ሆም ራን መጠበቅ የሚወድ አሰልጣኝ ነው። ከ1968 ጀምሮ ኦሪዮልስን መርቶ በ1969፣ በ1970፣ በ1971 እና በ1979 ለወርልድ ሲሪስ (ለዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ያበቃ፣ በ1996 ሆል ኦፍ ፌም የገባ ሰው። ለዱላ እንዲህ የሚሳሳ አሰልጣኝ በሊጉ ካሉት ደካማ መቺዎች አንዱን ከአሥር ዓመት በላይ በየቀኑ ሲያሰልፍ ኖረ። ቡድኑ በ1969 109፣ በ1970 108፣ በ1971 101 ጨዋታ አሸነፈ። ይኼ ሰው ሂሳብ አያውቅም ነበር እንበል?

ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ያቀረቡት አንድ ታሪክ አለ፤ በ1975 መስከረም ላይ ዊቨር ከሜዳ ውጭ በሚጫወትባቸው አንዳንድ ጨዋታዎች በሾርትስቶፕ ቦታ ሌላ መቺ አስመዝግቦ የመጀመሪያውን ተራ ያስመታው ነበር። እንግዳ ቡድን ቀድሞ ስለሚመታ፣ ሰውየው መትቶ ሲጨርስ ወጥቶ ቤላንገር ይገባል። ጸሐፊው "አሰልጣኙ እንዳይመታ እንዲህ ይደብቀው ነበር" ይሉናል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ያ መቺ በመከላከል ስንት ኢኒንግ ቆመ? ምንም። ተቃራኒው ቡድን ለመምታት ሲመጣ ገና ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ ሾርትስቶፕ ላይ የቆመው ቤላንገር ነው። በቤዝቦል የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም፤ ስለዚህ ዊቨር ለዚህ ብልሃት አንድ መቺውን ለሙሉ ጨዋታው ያጣል። ይኼን ሁሉ የሚያደርገው አንድ የቤላንገር የመምታት ተራ ለማዳን ነው፣ አንድም የመከላከል ኢኒንግ ሳይነካ። ዱላውን አለመፈለጉ ግልጽ ነው፤ ከጓንቱ ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ አልቀነሰም።

ከዚህም የሚበልጠውን ጽሑፉ ጭራሽ አያነሳውም። በ1972 ቤላንገር 0.186 በመታበት ዓመት ኦሪዮልስ አማራጭ ነበረው። ቦቢ ግሪች ሾርትስቶፕ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው፤ በዚያ ዓመት ብዙውን ጨዋታ የተጫወተው እዚያው ሾርትስቶፕ ላይ ነው፣ 0.278 መታ፣ 12 ሆም ራን አስቆጠረ፣ ለኦል ስታር ተመረጠ። 23 ዓመቱ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቤላንገር ሸክም ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ቦታውን ለግሪች ሰጥተህ ቤላንገርን ትሸኛለህ። ኦሪዮልስ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። የሁለተኛ ቤዙን ዴቪ ጆንሰንን፣ 3 ጎልድ ግላቭ ያለውን ሰው፣ ለአትላንታ ብሬቭስ ሰጠ። ግሪችን ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዞረ። ቤላንገርን በቦታው አቆየው። የዝውውሩ ዋና ዓላማ የሚመታ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ የተወረወረውን ኳስ የሚይዝ ሰው) ማምጣት እንደነበር አውቃለሁ፤ ጆንሰን ደግሞ በሄደበት በ1973 43 ሆም ራን መትቶ ብዙ ሰው አስገርሟል። ቢሆንም ከሦስቱ ማን ይቆይ፣ ማን የት ይቁም የሚለውን ሲወስኑ ከሦስቱ ዱላው ደካማ የሆነውን ሾርትስቶፕ ላይ መረጡ። ቡድኑ በ1972 ከምድቡ ሦስተኛ ነበር፤ በ1973 97 ጨዋታ አሸንፎ አንደኛ ወጣ፣ በ1974ም ደገመው። ለውጡ ሁሉ የቤላንገር ነው አልልም። ውሳኔው ግን ቤላንገርን በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች የወሰኑት ነው፣ ሌላ ምርጫ በእጃቸው እያለ።

የ1979ኙን ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በዚያ ዓመት ቤላንገር 35 ዓመቱ ነበር፣ ዱላው ሞቷል፤ በወርልድ ሲሪስ ዊቨር በብዛት ያሰለፈው ኪኮ ጋርሲያን ነው፣ ጋርሲያም በሦስተኛው ጨዋታ 4 ጊዜ በትክክል መትቶ ምርጫው ልክ መሆኑን አሳይቷል። በ1970 ወርልድ ሲሪስም ቤላንገር 0.105 ነው የመታው። ኦሪዮልስ ግን ሲንሲናቲን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ከኦዚ ስሚዝ ጋር ማወዳደሩ አጭር መልስ ይበቃዋል። ስሚዝ ይበልጣል። 13 ጎልድ ግላቭ፣ 580 የተሰረቀ ቤዝ፣ 2460 የተሳካ ምት፤ ይኼን ማንም አይክድም። ግን ከታላቁ ማነስ መጥፎ መሆን አይደለም። ደግሞ ስሚዝ ሁልጊዜ የኋለኛው ስሚዝ አልነበረም። በሳንዲያጎ ፓድሬስ በነበረበት ከ1978 እስከ 1981 የመታው በአማካይ 0.231 ነው፣ ቤላንገር ከመታው በ1000 ሙከራ የ3 ልዩነት። ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በ1982 ያመጣው ያን ዱላ እያየ ነው፤ በምትኩም ጋሪ ቴምፕልተንን፣ ጥሩ የሚመታ ሾርትስቶፕ፣ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ። ስሚዝ በኋላ መቺነቱን አሻሻለ፣ ቤላንገር አላሻሻለም። ልዩነታቸው እዚህ ጋ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ስሚዝ ሆል ኦፍ ፌም ሲገባ ቤላንገር በ1988 ከ5 በመቶ በታች ድምፅ አግኝቶ ከዝርዝሩ የወጣው። እኔም "ሆል ኦፍ ፌም ይግባ" እያልኩ አይደለም። በዚያ ደረጃ ሁለቱንም መቻል ይጠየቃል ለሚል ሰው መልስ የለኝም፣ ተገቢ መስፈርት ነው። ጽሑፉ ግን ያለው "ሆል ኦፍ ፌም አይገባም" አይደለም። "ጥሩ ተጫዋች አልነበረም" ነው ያለው።

የቀረው ስሌቱ ነው። የመከላከል ስሌት ግምት ነው የሚለውን እቀበላለሁ፤ በተለይ ለድሮ ዘመን። ያኔ እንደ ዛሬው ኳሷንና ተጫዋቹን በካሜራ የሚከታተል መሣሪያ የለም። በየጨዋታው ከተመዘገበው ነው የሚሰላው። ቤዝቦል ሬፈረንስ የተባለው የቤዝቦል አሃዞች ድረ ገጽ አንድ ተጫዋች ለቡድኑ የጨመረውን ድል ያሰላል፤ በዚያ ስሌት በመከላከል ብቻ ኦዚ ስሚዝ 44 ድል አካባቢ፣ ቤላንገር 39 ተኩል አካባቢ፣ ብሩክስ ሮቢንሰን 39 አካባቢ አላቸው። ዱላው ያስከፈለው ሁሉ ተቀንሶበት እንኳ የቤላንገር ጠቅላላ ድምር 41 ድል ገደማ ይሆናል፤ ጠቅላላው የሚለካው ከአማካይ ተጫዋች ሳይሆን ከተራ ተተኪ አንጻር ስለሆነ ነው ከመከላከሉ የበለጠው። አሃዞቹ እንዲህ ጥንቅቅ ያሉ ናቸው ብዬ አልምልም። ጸሐፊው ካላመኑ ከመከላከሉ ሩቡን ይቁረጡት። ቀሪው ያኔም በየቀኑ መሰለፍ ያለበት፣ ለብዙ ዓመት ቡድን የሚጠቅም ሾርትስቶፕ ነው። ሸክም ለማድረግ ከግማሽ በላይ መቁረጥ ይጠይቃል፤ ያን ያህል ለመቁረጥ ደግሞ "ግምት ነው" ማለት ብቻ አይበቃም፣ በየት በኩል እንደተጋነነ ማሳየት ያስፈልጋል። ስሌቱ የሚለውን የዚያ ዘመን አሰልጣኞች በድምፃቸው ብለውታል፣ ዊቨርም በየቀኑ በሚሞላው የተሰላፊዎች ዝርዝር ብሎታል። ሦስት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው፣ አንዳቸው ከሌላው አልቀዱም።

አንድ የቀረችኝ ነገር አለች። ጽሑፉ መጨረሻው ላይ ቤላንገር ከሜዳ ወጥቶ ተረሳ ይላል። በ1981ዱ የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ተጫዋቾቹን ወክለው ከቡድኖቹ ባለቤቶች ጋር ከተደራደሩት አንዱ እሱ ነበር። መጫወት ካቆመ በኋላም በተጫዋቾች ማኅበር ውስጥ ሠራ። በ1998 በሳንባ ካንሰር ሲሞት 54 ዓመቱ ነበር። ደጋፊው ረስቶት ይሆናል፤ ተጫዋቾቹ ዘንድ ግን የተረሳ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው መልስ እንደሚሰጡ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጽሑፋቸው እንደሚያሳየው ጨዋታውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሲመልሱ ግን 0.228ን ደግመው ባይነግሩኝ፣ እሱን ተስማምተናል። በ1972 መጨረሻ ግሪችን የመሰለ ሾርትስቶፕ በእጁ የነበረ ቡድን ለምን ቤላንገርን በቦታው እንዳቆየ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።